ከኬሚካሉ በፊት ሥሩ ይታይ

በሶብላ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሲጠወልግ አልሚው መጀመሪያ የሚያስበው ውሃ ነው። ያጠጣዋል፤ ማታ ቀና ይላል፤ በማግስቱ ፀሐይዋ ስትበረታ ተመልሶ ይተኛል። ቅጠሉ ወደ ቢጫ ሲያደላ ዩሪያ ይጨመርለታል። ቁመቱ ከአጠገቡ ካለው መደብ በግማሽ አንሶ ሲቀር ደግሞ «አፈሩ ደክሟል» ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ከሦስቱ ፍርዶች አንዱም ሥሩን ነቅሎ ከማየት የመጣ አይደለም።

ቢነቀል ኖሮ ብዙ ጊዜ ሥሩ ላይ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የተሰካኩ እባጮች ይታዩ ነበር። የእባጮቹ ምክንያት ኔማቶድ የሚባል፣ አፈር ውስጥ ሆኖ በዓይን የማይለይ ክር መሳይ ትል ነው። በሰበታ፣ በቡራዩ፣ በሱሉልታና በለገዳዲ ዙሪያ ቅመማ ቅጠል የሚያለማ ሰው ስለዚህ ትል ሊያውቅ የሚገባው ነገር ብዙ ነው። ከሁሉ የሚቀድመው ግን ትሉ መኖሩንና የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማረጋገጥ ነው። እስከ ዛሬ የተለመደው ተቃራኒው ነው፤ መጀመሪያ መድኃኒት ይገዛል፣ ምርመራው ከተደረገም የሚደረገው ሰብሉ ከጠፋ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ገንዘብ ያባክናል። የአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ በሚጠራቀምበት አካባቢ ሲሆን ደግሞ ከገንዘብ ያለፈ ጉዳይ ይሆናል።

ስለ ትሉ አኗኗር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ መፍትሔው ሁሉ ከዚያ ይመነጫልና። እባጭ አምጪው ወገን ሜሎይዶጋይኔ ይባላል። እንግሊዛዊው ቄስና የፈንገስ ተመራማሪ ማይልስ በርክሌይ በ1855 እ.ኤ.አ. በመስታወት ቤት ውስጥ በበቀለ ኪያር ሥር ላይ እባጩን አይቶ ከጻፈ ወዲህ ትሉ ከሁለት ሺህ በላይ የዕፅዋት ዓይነቶች ላይ ተገኝቷል። ከእንቁላል የሚወጣው ግልገል ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል እንኳ አይረዝምም። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ባለው ስስ የውሃ ልባስ ውስጥ እየተላወሰ የሥር ጫፍ ይፈልጋል፤ አፉ ውስጥ ባለው መርፌ መሰል አካል ወግቶ ይገባና ውሃና ምግብ ከሚተላለፍበት የሥሩ እምብርት አጠገብ ይሰፍራል። ከዚያ በኋላ ሴቷ ከቦታዋ አትነሳም። ምራቋን በዙሪያዋ ባሉ ጥቂት ሴሎች ውስጥ ትረጫለች፤ ሴሎቹ ለሁለት ሳይከፈሉ አስኳላቸው ብቻ እየተባዛ ከመጠን በላይ ይገዝፋሉ። ተክሉም በቅጠሉ ያዘጋጀውን ስኳር ወደ እነዚህ ግዙፍ ሴሎች ያወርዳል። ትሏ የምትቀለበው ከእነርሱ ነው።

እንዲህ ተቀልባ እንደ ትንሽ ከረጢት ታብጥና በዝልግልግ ነገር የተጠቀለሉ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። ኢንኮግኒታና ጃቫኒካ የሚባሉት ዝርያዎች ለመራባት ወንድ እንኳ አያስፈልጋቸውም። በአንድ ችግኝ ሥር ተደብቃ የመጣች አንዲት ትል መደብ ለመበከል ትበቃለች ማለት ነው።

የሙቀቱ ነገር ለእነዚህ ከተሞች የተለየ ትርጉም አለው። የአፈሩ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ሲሆን አንድ ትውልድ በወር ገደማ ይጠናቀቃል፤ በቀዝቃዛ አፈር ጊዜው እጥፍና ከዚያ በላይ ይረዝማል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ የተተከለ ናና እና እዚያው ፕላስቲክ ቤት ውስጥ ያለ በሶብላ አንድ ቀበሌ ውስጥ ቢሆኑም ለትሉ ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው። ግሪን ሀውሱ ለተክሉ የሚሰጠውን ሙቀት ለትሉም ይሰጣል።

ከቅመማ ቅጠሎች መካከል በሶብላ ለእባጭ አምጪው ትል በጣም ተጋላጭ ከሆኑት ይመደባል። ናና፣ ድንብላልና ፓርስሊም ከጥቃቱ አያመልጡም። በሕንድ ለዘይቱ ተብሎ በሰፊው የሚመረተው ናና ዋነኛ ጠላቱ ኢንኮግኒታ ነው፤ ሉክናው ከተማ ያለው የመድኃኒትና የሽቶ ዕፅዋት ምርምር ተቋም ለዓመታት ሲታገለው ኖሯል። በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ደግሞ የናና እርሻዎችን የሚያስቸግረው እባጭ የማይሠራ ሌላ ትል፣ ፕራቲሌንከስ ነው። ይህኛው ሥሩን እየቦረቦረ ይሄዳል፤ የሚተወውም ጠቆር ያለ ቁስል ብቻ ነው። እባጭ ካልታየ ትል የለም ብሎ መደምደም የማያስተማምነው ለዚህ ነው።

ቅመማ ቅጠል ከሌላው አትክልት ይልቅ ለዚህ ችግር የሚመቸው በአመራረቱ ጭምር ነው። የሚሸጠው ቅጠሉ ራሱ ነው። ቲማቲም ቅጠሉ ትንሽ ቢገረጣም ፍሬውን ሊያደርስ ይችላል፤ የገረጣ በሶብላ ግን ገዢ የለውም። ቅጠሉ በተቆረጠ ቁጥር ተክሉ እንደገና ለማቆጥቆጥ ከሥሩ ይበደራል፤ ሥሩ በትል ከተያዘ የሚበደረው ያጣል። ሁለተኛው ቆረጣ ከመጀመሪያው፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው እያነሰ ሲሄድ አልሚው የዘሩን ጥራት ይጠራጠራል። የጥብስ ቅጠል የምንለው ሮዝመሪና ጤና አዳም ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ለዓመታት ይቆያሉ። ከሥራቸው ያለው የትል ብዛት በየዓመቱ ቢጨምር የሚያይ የለም። በቆሰለው ሥር በኩል የሚገቡ ፈንገሶችም አሉ፤ በሶብላን አጠውልጎ የሚገድለው ፉሳሪየም ከነዚህ አንዱ ነው። ያኔ ጥፋቱ ሁሉ በፈንገሱ ይሳበብና የፈንገስ መድኃኒት ይገዛል።

ወደ አካባቢው እንምጣ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ለገዳዲ በ2015 ዓ.ም. ሸገር በሚባለው ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከዚያም በፊት ቢሆን የእርሻ መሬታቸው ለቤት፣ ለመጋዘንና ለፋብሪካ እየተቆረሰ ኖሯል። የቀረው ማሳ ጠባብ ነው፤ ብዙ ጊዜ የኪራይ ነው፤ ገበያው ደግሞ አጠገቡ አዲስ አበባ ነው። ጠባብ የኪራይ ማሳ ያለው ሰው ገንዘብ የሚያስገኘውን ሰብል በላይ በላዩ ይተክላል። ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቆስጣ፣ በሶብላ፣ እንደገና ሰላጣ። ለእባጭ አምጪው ትል ይህ ሁሉ ምግብ ነው። በቀድሞው ዘመን ገብስና ባቄላ ሲፈራረቁበት፣ አልፎም ጦም ሲያድር የነበረ መሬት አሁን በበጋም በመስኖ እርጥብ ነው። ትሉም የሚራብበትና የሚደርቅበት ወቅት አጥቷል።

ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. አንሥቶ በዙሪያው የተስፋፉት የአበባ እርሻዎች ይህን ጠላት ያውቁታል። ከጀርመን ተመራማሪዎች ጋር በትብብር የተሠሩ ጥናቶች በኢትዮጵያ የጽጌረዳ እርሻዎች ሥር ላይ ሁለት ትሎችን አግኝተዋል፦ ሜሎይዶጋይኔ ሃፕላ የሚባለውን የደጋ እባጭ አምጪና ሥር አቁሳዩን ፕራቲሌንከስ ፔኔትራንስ። ሃፕላ ብርድ የሚችል ዝርያ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚገኝ አካባቢ የሚስማማው ለእርሱ ነው። ትልልቆቹ የጽጌረዳ እርሻዎች ብዙዎቹ ከአፈር ወጥተው በኮኮናት ገለባና በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ መትከል የጀመሩት ለብዙ ምክንያት ቢሆንም ከአፈር ወለድ ተባይ መሸሽ አንዱ ነው። ቅመማ ቅጠል የሚያለማው አነስተኛ አምራች ግን ከአፈሩ የሚሸሽበት ቦታ የለውም።

በኢትዮጵያ ስለ ኔማቶድ ምንም አይታወቅም ማለት ስህተት ነው። ጄ. ኤች. ኦባነን በምግብና እርሻ ድርጅት በኩል ያካሄደው የአገር አቀፍ ቅኝት ሪፖርት የወጣው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ፕራቲሌንከስ ጉዴይ የተባለው ትል የእንሰት ጠንቅ መሆኑ ታትሟል። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲው አወል ሰይድና ባልደረቦቹ በ2015 እ.ኤ.አ. ስለ ቲማቲምና ስለ እባጭ አምጪው ትል ሰፊ ዳሰሳ አሳትመዋል። በቤልጂየም ጌንት ዩኒቨርሲቲ ኔማቶሎጂ ተምረው የተመለሱ ኢትዮጵያውያንም አሉ። አምቦ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል አለ፤ ከቡራዩ ብዙም የማይርቀው ሆለታ ላይ ሌላ አንጋፋ የምርምር ማዕከል አለ፤ ወንዶ ገነት ደግሞ በሽቶና በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ የሚሠራ ማዕከል ነው። እውቀቱ አገር ውስጥ ገብቷል። የጎደለው ከሆለታ እስከ ሰበታ ያለው መንገድ ነው፤ አንድ አልሚ አንድ ኪሎ አፈር በላስቲክ ይዞ ሄዶ፣ በተመጣጣኝ ክፍያ፣ በሳምንት ውስጥ መልስ ይዞ የሚመለስበት መስኮት።

መስኮቱ በሌለበት ክፍተቱን የሚሞላው የመድኃኒት መደብር ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ነገር መባል አለበት። አፈር ውስጥ ያለ ትልን የሚገድል፣ ጋዝ ያልሆነ ኬሚካል ሥራውን እንዲሠራ በአፈሩ ውሃ ሟሙቶ ወደታች መውረድ አለበት። ትሉ ጋ የሚያደርሰው ባሕርይ ጉድጓድ ውሃ ጋም ያደርሰዋል። በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ የድንች ማሳ ላይ ይጨመር የነበረው አልዲካርብ በ1979 እ.ኤ.አ. በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ተገኘ፤ በዓመቱ ከአካባቢው ሽያጭ ወጣ። በ1985 እ.ኤ.አ. ደግሞ በካሊፎርኒያ ይኸው ኬሚካል ያለ ፈቃድ የተጨመረበት ሐብሐብ የበሉ ከሺህ በላይ ሰዎች ታመሙ። አልዲካርብ ከ2011፣ ካርቦፉራን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሮተርዳም ስምምነት በመረጃ ላይ የተመሠረተ የአስመጪ አገር ቅድመ ስምምነት በሚጠይቁት ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። አፈርን በጋዝ ያጥን የነበረው ሜቲል ብሮማይድም የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በበለጸጉት አገሮች በ2005፣ በታዳጊዎቹ በ2015 እ.ኤ.አ. እንዲቆም ተደርጓል፤ ለኳራንቲንና ለመሳሰሉት የተተዉ ጥቂት አጠቃቀሞች ሲቀሩ።

የለገዳዲ ግድብ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባን ያጠጣል። የድሬ ግድብ በኋላ ታክሎበታል፤ በቡራዩ በኩል ደግሞ ከሁለቱም የሚቀድመው ገፈርሳ አለ። ቅመማ ቅጠልና አትክልት የሚለማበት ተዳፋት ወደ እነዚህ ግድቦች ከሚፈስሰው ውሃ ሩቅ አይደለም። ሎንግ አይላንድ ላይ የሆነው እዚህ ሆኗል ለማለት አይደለም፤ እንዳይሆን ግን ጊዜው አሁን ነው። የጸረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 የትኛው ኬሚካል ገበያ ላይ እንደሚውል ይወስናል፤ አልሚው ትል ለሌለበት ማሳ የትል መድኃኒት እንዳይረጭ ግን አዋጅ አያስቆመውም። ያንን ማድረግ የሚችለው የምርመራ ውጤት ነው።

ገበያውም ቢሆን ይህንኑ ይጠይቃል። ትኩስ ቅመማ ቅጠል ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ ይላካል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ለአንድ ሰብልና ኬሚካል የተለየ ወሰን ካላስቀመጠ በኪሎ 0.01 ሚሊ ግራም ከሚል መነሻ ነው የሚሠራው። ቅጠል ደግሞ ልጣጩ የሚጣል ፍሬ አይደለም፤ እጥብ ተደርጎ እንዳለ ይበላል። አዲስ አበባ ውስጥ ሰላጣ ላይ በጥሬው የሚበተነው ድንብላል ከአምስተርዳሙ ያነሰ ጥንቃቄ የሚገባው አይመስልም፤ የአገር ውስጡን በላተኛ የሚጠብቅ የላኪ ውል ባይኖርም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከችግኙ መጀመር ይሻላል። ትሉ በራሱ ጉልበት በዓመት ውስጥ ከአንድ ሜትር ብዙም አይርቅም። ከተማ ለከተማ የሚጓዘው ሰው አዝሎት ነው፤ በችግኝ ሥር፣ በቡትስ ጭቃ፣ በአካፋ፣ በትራክተር ጎማ፣ በጎርፍና በመስኖ ቦይ። በየመንገዱ ዳር በጥቁር ላስቲክ ተደርድረው የሚሸጡት የሮዝመሪና የጤና አዳም ችግኞች አፈራቸው ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ገዢ ቢኖር አንድ ነገር ነው። ችግኝ አፍይዎችም አፈሩን በእንፋሎት ወይም በፀሐይ ቢያክሙ፣ ወይም ከአፈር ውጭ በሆነ ነገር ላይ ቢያፈሉ ወጪው ከሚያድኑት ጋር አይወዳደርም። በብዙ ሺህ ማሳ ላይ ከመድከም በጥቂት ችግኝ ጣቢያዎች ላይ መጠንቀቅ ይቀላል።

ቀጥሎ ፈረቃ አለ፤ እዚህ ላይ ነው የዝርያው ማንነት የሚወስነው። የደጋው ሃፕላ በሣር ወገን እህሎች ላይ አይራባም። ማሳው ውስጥ ያለው እርሱ ከሆነ አንድ ወቅት ስንዴ ወይም ገብስ መዝራት ቁጥሩን ያወርደዋል። ማሳው ውስጥ ያለው ኢንኮግኒታ ወይም ጃቫኒካ ከሆነ ግን ብዙ የእህል ዓይነቶች ያስተናግዱታል፤ በተመሳሳይ ድካም የተዘራው ስንዴ ትሉን እየቀለበ ሊከርም ይችላል። አንድ ምክር ለሁለቱ አይሠራም። የልማት ሠራተኛው «አፈራርቁ» ብሎ ብቻ መሄዱ ያልበቃው ለዚህ ነው።

ጎመን ዘር የተለየ ቦታ ይገባዋል። ይህ የደጋ ሰው ለምጣድ ማሰሻ የሚያውቀው ሰብል ቅጠሉና ግንዱ ተከታክቶ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲቀበር የሰናፍጭን የሚያቃጥል ሽታ የሚሰጡትን ኬሚካሎች ይለቅቃል፤ እነዚያ ትሎችንና አንዳንድ ፈንገሶችን ይጎዳሉ። ጣሊያኖች ይህን አይተው ዘይቱ የወጣለትን የጎመን ዘር ፋጉሎ እንደ እንክብል አድርገው ባዮፌንስ በሚል ስም ለአፈር ማከሚያ ሸጠውታል። የኢትዮጵያ ጎመን ዘር በጣሊያን እንጆሪና አትክልት ማሳ ተፈትኖ ሳለ በሱሉልታ ናና መደብ አለመሞከሩ የሚያስገርም ነው። ተአምር ግን አይጠበቅ፦ ጎመን ዘር ቆሞ ሲያድግ ትሉ ሥሩ ላይ ሊራባ ስለሚችል አበባ ሲጀምር ወዲያው መቀበር አለበት፤ አፈሩም እርጥበት ይፈልጋል፤ ውጤቱም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ማሪጎልድ የሚባለው የታጌተስ አበባም በሥሩ በሚያመነጨው ንጥረ ነገር ትልን እንደሚያዳክም የታወቀ ነው፤ ያንን ለማግኘት ግን ማሳውን ለወራት ለአበባው መተው እንጂ በጠርዙ ሁለት ሦስት እግር መትከል አይበቃም።

የሸዋ ደጋ ገበሬ አፈርን በእሳት ማከም ድሮም ያውቃል። በሸኖ አካባቢ ለገብስ የሚደረገው «ጋይ» የአፈር ጓል ከምሮ ከውስጡ ማቃጠል ነው። ተባይን ይቀንስ ይሆናል፤ የአፈሩን ብስባሽና ናይትሮጅን ግን አብሮ ያቃጥላል፤ ለዓመታት ያሳርፈው የነበረ ሰፊ መሬት በሌለበት ዘመን መልሶ ማምጣቱ አይመከርም። በግልጽ ላስቲክ ሸፍኖ በፀሐይ ማብሰሉ ይሻላል። በ1976 እ.ኤ.አ. ከእስራኤል ምርምር የወጣው ይህ ዘዴ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠንካራ ፀሐይ ይጠይቃል። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ለእኛ ይስማማል። የሱሉልታ አየር ቀዝቃዛ በመሆኑ ሜዳ ላይ ከሚደረገው ይልቅ በተዘጋ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ የሚደረገው የተሻለ ያሞቃል።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፤ ችላ ሊባልም አይገባም። ለስድስት ወር ኪራይ የከፈለ ሰው ማሳውን ለገብስ ወይም ለጎመን ዘር መስጠት አይችልም። ኪራዩን የሚከፍለው በሶብላው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ስብከትም አያስተካክለውም። ሊያስተካክለው የሚችለው የኪራይ ውሉ ዘመን ሲረዝም ወይም ቅጠሉን የሚረከበው ላኪና ሆቴል የፈረቃውን ወቅት በከፊል ሲጋራ ነው። ላኪው በአውሮፓ ድንበር ለሚመለስበት አንድ ጭነት የሚከፍለውን ቢያሰላ ይህ ልግስና አይሆንበትም። ባለ መሬቱም ቢሆን ትል የሞላበት ማሳ ሲመለስለት የሚያጣውን አያውቀውም፤ ኪራይ ከመፈረሙ በፊት የአፈር ምርመራ ቢጠየቅ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል።

ምርመራው ውድ አይደለም፤ ነገሩን ለሚያርቁት ሁሉ ይህ መነገር አለበት። በ1917 እ.ኤ.አ. ባርማን የሚባል ሐኪም ያሳተመው ዘዴ ዛሬም ያገለግላል፦ አንድ ማንቆርቆሪያ (ፈነል)፣ ከሥሩ የጎማ ቱቦና መቆንጠጫ፣ ሶፍት፣ ውሃና ማይክሮስኮፕ። አፈሩ በሶፍት ላይ ሆኖ ውሃው ሲነካው ሕያዋን ትሎች በሶፍቱ አልፈው ወደታች ይሰምጣሉ፤ በማግስቱ ከቱቦው ይቀዳሉ። መሣሪያው ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላብራቶሪ አቅም በላይ አይደለም። የሚያስፈልገው ትሉን አይቶ ዝርያውን የሚለይ ሰው ነው፤ በሸገር ከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት አንድ እንዲህ ዓይነት ባለሙያ መመደብ ብዙ በጀት አይጠይቅም።

ባለሙያው እስኪመጣ አልሚው በእጁ የሚሠራው አለ። ከማሳው አሥርና አሥራ አምስት ቦታ፣ ከ20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ እርጥብ አፈር ይወሰዳል፤ ይደባለቃል፤ በሁለት ሦስት ቆርቆሮ ተሞልቶ የቲማቲም ወይም የሰላጣ ችግኝ ይተከልበታል። ችግኙ ራሱ ከንጹሕ አፈር የመጣ መሆን አለበት። ቆርቆሮው ሞቅ ባለ ቦታ ይቀመጣል። ከአምስትና ስድስት ሳምንት በኋላ ችግኙ ይነቀልና ሥሩ በውሃ ታጥቦ ይታያል። እባጭ ካለ ማሳው ትል አለው፤ የባቄላና የአተር ሥር ላይ ያለው ጠቃሚ እባጭ ሲፈገፈግ የሚነሳና ውስጡ ሮዝ የሆነ ስለሆነ ከዚህ ጋር አይምታታ፤ የትሉ እባጭ የሥሩ አካል ነውና ሥሩ ካልተቀደደ አይላቀቅም። በሚያዝያ የተተከለች የቆርቆሮ ቲማቲም መልሷን በሰኔ መጀመሪያ ትሰጣለች፤ የክረምቱ ተከላ ገና ሳይጀመር።